መሬት ከመግዛት አስቀድሞ የሚሠራ ሒሳብ

ሕንፃ አቅዶ፣ ገንዘብ አፈላልጎ፣ አሠርቶ ማከራየት ወይም መሸጥ በአሜሪካ ራሱን የቻለ የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ ነው፡፡ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የዚሁ ትምህርት ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ደመወዙን ትቶ የሚመጣ ሠራተኛ ነው፡፡

ተማሪው የሚለማመደው ዋና ሒሳብ ለነጋዴ እንግዳ አይሆንበትም፡፡ ሕንፃው ሲያልቅ ያወጣል ተብሎ ከሚገመተው ዋጋ ላይ የግንባታው ወጪ፣ የብድሩ ወለድና ተገቢው ትርፍ ይቀነሳል፤ የሚተርፈው ለመሬቱ ሊከፈል የሚችለው ከፍተኛ ዋጋ ነው፡፡ ከዚያ አስበልጦ የከፈለ ሰው መሠረት ሳይቆፈር ኪሳራውን ገዝቷል፡፡

እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው፣ ሃይንስ በተባለው የተማሪዎች ውድድር በልዩ ልዩ ሙያ የሚሠለጥኑ አምስት ተማሪዎች ለአንድ የከተማ ሥፍራ ንድፉንም ሒሳቡንም በሁለት ሳምንት ገደማ አሟልተው ያቀርባሉ፡፡ የነዳፊው እቅድ ምንም ቢያምር፣ ኪራዩ ወለዱን ካልሸፈነ ጓደኞቹ ያሰርዙታል፡፡