የሶፍትዌር ፓኬጅ ሥራ በበጎ ፈቃድ፤ ጀማሪ ከየት ይነሣ?

ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር የሚባለው፤ ማንም ሰው ኮዱን እንዲያነበው፤ እንዲያርመውና እንዲያባዛው የተፈቀደ ፕሮግራም ነው። ነገር ግን ኮዱ ብቻውን ለተጠቃሚው አይበቃም። በአንዲት ትእዛዝ ሊጫንና ሊታደስ ይችል ዘንድ፤ ከሚያስፈልጉት ሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ተስማምቶ መዘጋጀት አለበት። እንዲህ የተዘጋጀው ፓኬጅ ይባላል።

ለምሳሌ ኢያን መርዶክ በ1993 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የመሠረተውን ዴቢያንን እንውሰድ። ሥራው የሚካሄደው በበጎ ፈቃደኞች ነው። በ2023 የወጣው 12ኛው እትም ከ64,000 በላይ ፓኬጆች ነበሩት፤ «አቢሲኒካ» የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽም ከነዚሁ አንዱ ነው።

አንድ ፓኬጅ ሲዘጋጅ በምንጩ ኮድ ላይ ጥቂት ፋይሎች ይጨመራሉ። ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው፤ ይኸውም የፓኬጁን ስምና የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች የሚዘረዝር፤ የለውጡን ታሪክ የሚመዘግብ፤ የባለቤትነት መብቱንና ፈቃዱን የሚገልጽ፤ እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝ ነው።

ብዙ ጀማሪዎች አዲስ ፓኬጅ በመጨመር መጀመር ይሻሉ። ይሁን እንጂ ይህ መንገድ ለብዙ ዓመት የሚቆይ ጥበቃን ያስከትላል። የተሻለው መነሻ አሮጌውን መጠገን ነው። በመጀመሪያ፤ የተመዘገበን ስሕተት በራስ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ማየት፤ ቀጥሎም ማረሚያውን ጽፎ መላክ ነው። ዴቢያን ጠባቂ ያጡትንና ጠባቂያቸው ረዳት የሚፈልግላቸውን ፓኬጆች በዝርዝር ይይዛል፤ ጀማሪም ራሱ የሚጠቀምበትን ከዚያ ቢመርጥ ይበጀዋል። የታረመውን ፓኬጅ በንጹሕ ቦታ ሠርቶ፤ «ሊንቲያን» በተባለው መርማሪ ፕሮግራም ይፈትነዋል። ወደ ማከማቻው የማስገባት ሥልጣን ግን ገና ስለሌለው፤ ሥልጣን ያለው አባል መርምሮ ያስገባለታል። ሥራው ሲታመን ደረጃ በደረጃ ሥልጣን ይሰጠዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? በ2006 «ኦፕንኤስኤስኤል» በተባለው ፓኬጅ ላይ፤ ማስጠንቀቂያ ያመጣ የነበረ ኮድ በቅን ልቡና እንዳይሠራ ተደረገ። ከዚህ የተነሣ ለእያንዳንዱ ዓይነትና መጠን ሊወጡ የሚችሉት የምስጢር ቁልፎች ወደ 32,768 ገደማ ወረዱ። ጉድለቱ የታወቀው በግንቦት 2008 ነው። በ2024 ደግሞ በ«ኤክስዜድ» ፕሮግራም ውስጥ ተንኰል ተገኘ። ተንኰለኛው ብቻውን ለነበረው ጠባቂ ረዳት መስሎ ለዓመታት አመኔታን ካተረፈ በኋላ ያስገባው ነበር፤ ሆኖም በዴቢያን የጸና እትም ውስጥ ሳይደርስ ተያዘ።

የመጀመሪያው ታሪክ ቅን ልቡና ብቻውን እንደማይበቃና ሁለተኛ ዐይን እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። ሁለተኛው ደግሞ ብቻውን የቀረ ጠባቂ ለሁሉ አደጋ መሆኑን ያሳያል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፤ ከኛ መካከል አንድ ተማሪ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሰጥቶ አንድ የተረሳ ፓኬጅ ቢጠብቅ፤ ትምህርቱን በሥራ ያጸናል፤ ለማያውቃቸው ብዙ ሰዎችም ይጠቅማል።