ርእሰ መምህሩ ሲለዋወጥ ትምህርት ቤቱን ማን ያጸናዋል?

ነሐሴ ሲገባ የአዲስ አበባ ወላጅ ሒሳብ ማስላት ይጀምራል። ክፍያው ስንት ገባ? ሰርቪሱስ? ዩኒፎርሙ ተቀይሮ ይሆን? ልጁን ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ፣ እምብዛም የማይጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ዓምና ልጄን ካስተማሩት መምህራን ዘንድሮ የተመለሱት ስንቶቹ ናቸው?

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከመነሻቸው የወላጅ እጅ አለባቸው። በ1924 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ የተከፈተው ቀደምት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የመንግሥታቱ ማኅበርና የዓለም ሥራ ድርጅት ባልደረቦች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ፈልገው የመሠረቱት ነው። ዛሬ ሳንድፎርድ የምንለውን የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ወይዘሮ ክሪስቲን ሳንድፎርድም የልጆች እናት ነበሩ። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋሙ የዲፕሎማት ቤተሰብ በከተማዋ በዛ። አሁን ከዲፕሎማቱ ልጅ ጎን የኢትዮጵያዊው ነጋዴና የባለሙያው ልጅ ይቀመጣል። ዲፕሎማቱ ጊዜው ሲደርስ ይዛወራል፤ ኢትዮጵያዊው ቤተሰብ ግን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል እዚያው ነው። የአመራር መለዋወጥ ይበልጥ የሚጎዳውም እሱን ነው።

ሃውሊ የተባለ ተመራማሪ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ዋና ኃላፊ በአማካይ በሥራው ላይ የሚቆየው 2.8 ዓመት ብቻ ሆኖ አግኝቶታል። በዚህ ስሌት አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ እስኪመረቅ አራት ኃላፊ ይፈራረቅበታል። አዲስ የመጣው ኃላፊ የራሱን ዕቅድ ያመጣል፤ የንባብ መርሐ ግብሩ ይቀየራል፣ የፈተና አሰጣጡ ይለወጣል፣ የዩኒት መሪዎች ይነሣሉ። መምህራኑ አዲሱን አሠራር ገና ሲለምዱት እሱ ሌላ አገር ይቀጠራል።

የመምህራኑም ነገር ያው ነው። ከውጭ የሚቀጠር መምህር ውሉ በአብዛኛው የሁለት ዓመት ነው። በዚህ ላይ የምንዛሪው ጫና ተጨመረ፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ የምንዛሪ ሥርዓቱ በተለወጠ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዝ በዶላር የሚከፍል ትምህርት ቤት የብር ወጪው በአንድ ጊዜ ተቆለለ፤ በብር የሚከፈለው ኢትዮጵያዊ መምህር ደግሞ የገበያው ዋጋ ደመወዙን ጥሎት ሄደ። ልጆቹን በስማቸውም በጠባያቸውም የሚያውቃቸው፣ ኃላፊዎቹ ሲፈራረቁ ትምህርት ቤቱን ተሸክሞ የሚያቆየው ግን ይኸው መምህር ነው። እሱን ማጣት ከየትኛውም ሕንፃ በላይ ያጎድላል።

ወላጅስ የሚጠራው መቼ ነው? ልጁ ሲያጠፋና ክፍያ ሲጨመር። የክፍያ ስብሰባ የተካፈለ ያውቀዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ወረቀት ይዞራል፣ ወላጅ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። ለመገኘት የተፈረመው ፊርማ ኋላ ለጭማሪው እንደ ስምምነት ተቆጠረብን የሚሉ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። በኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ በየቀኑ መፈረም፣ በቴሌግራም ግሩፕ ማስታወቂያ ማንበብም ተሳትፎ ይባላል። ይህ መረጃ መቀበል ነው። ተሳትፎ የሚባለው ውሳኔው ሳይቆረጥ ሐሳብ መስጠት ሲቻል ነው።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። የወላጅ መምህር ኅብረቱ አባላት በወላጆች ይመረጡ እንጂ በአስተዳደሩ አይመልመሉ። አዲስ ኃላፊ ሲፈለግ ወላጅና ነባር መምህር በምርጫው ይካተቱ። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ስንት መምህር እንደለቀቀና ለምን እንደለቀቀ ለወላጅ ያሳውቅ። ጭማሪ ሲጠየቅም ከገንዘቡ ምን ያህሉ ለመምህራን ደመወዝ እንደሚውል በግልጽ ይቅረብ። ለመምህሩ የሚደርስ ጭማሪ ከሆነ ከባዱንም ክፍያ የሚቀበል ወላጅ ይኖራል።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ወላጆች በመስከረሙ የመጀመሪያ ስብሰባ ከክፍያው በፊት የመምህራኑን ጉዳይ አጀንዳ ያስይዙ። ትምህርት ቤቱም ቁጥሩን ይዞ ይቅረብ፤ የልጆቹን ዓመታት አደራ የተቀበለ ተቋም ይህን መልስ ሊነፍግ አይገባውም።