ሻማ በሕግ ሲለካ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን የምትበራው ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጋዝ ነበር። ደንበኛው ገንዘቡን የሚከፍለው ለብርሃን ነው፤ ኩባንያው ደካማ ጋዝ ቢልክበት የሚሟገትበት መለኪያ ያሻዋል። እ.ኤ.አ. በ1860 የወጣው የከተማዋ የጋዝ ሕግ መለኪያውን ሻማ አደረገው። ሻማው ከዓሣ ነባሪ ራስ በሚገኝ ሰም የሚሠራ፣ ስድስቱ አንድ ላይ አንድ ፓውንድ የሚመዝኑ፣ በሰዓት 120 ግሬን፣ ማለትም 7.8 ግራም ገደማ፣ ነዶ የሚያልቅ ነው።

ግን እንዴት ይነጻጸራል? ዓይናችን «ይህኛው ከዚያኛው በአሥር እጥፍ ይደምቃል» ብሎ መፍረድ አይሆንለትም። እኩል መሆናቸውን ግን አሳምሮ ያውቃል። ጀርመናዊው ኬሚስት ሮበርት ቡንሰን የተጠቀመው በዚህ ነው፤ ነጭ ወረቀት መሐሉ ላይ ቅባት አስነክቶ በሁለት መብራቶች መካከል አቆመ። አንዱ ወገን ሲበረታ የቅባቱ ምልክት ጎልቶ ይታያል፤ ሁለቱም እኩል ሲያበሩ ከወረቀቱ ጋር ይመሳሰልና ይጠፋል። ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ሻማው 1 ሜትር፣ የጋዙ መብራት 4 ሜትር ርቀው ምልክቱ ከጠፋ መብራቱ 16 ሻማ ነው።

ዘዴው ያስቀናል። ችግሩ ሻማው ነበር፤ ክሩ ይረዝማል፣ ሰሙ ከሰም ይለያያል፣ ነበልባሉ ይወዛወዛል። ፈረንሳዮች በሰዓት 42 ግራም ዘይት በሚያነድደው የካርሰል ፋኖስ ለኩ፤ አንዱ ካርሰል ወደ አሥር ሻማ ይጠጋል። በጀርመን ፎን ሄፍነር አልተኔክ በ1884 አሚል አሲቴት የተባለ ንጹሕ ኬሚካል የሚነድበት፣ የነበልባሉ ቁመት 40 ሚሊሜትር የሆነ መብራት አቀረበ። ይህም ቀላ ይላል፤ አየሩ እርጥበት ሲበዛበትም ይደበዝዛል።

በእኔ ግምት ደፋሩ ፈረንሳዊው ዡል ቪዮል ነው። በ1881 ነበልባልን ጨርሶ ተወና በመርጋት ላይ ያለ የቀለጠ ፕላቲነም አንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር የሚሰጠው ብርሃን መለኪያ ይሁን አለ። ፕላቲነም የሚረጋው 1,770 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ፓሪስም በርሊንም ያው ነው። በተግባር ግን አስቸገረ፤ ሐሳቡ ተሻሽሎ ዓለም አቀፍ መለኪያ የሆነው በ1948 ሲሆን፣ ያኔ መለኪያው ካንዴላ ተባለ።

በ1979 ፕላቲነሙም ቀረ። አሁን ካንዴላ የሚተረጎመው በአንድ አረንጓዴ ብርሃን ኃይል ነው፤ በቀመሩ ውስጥም 1/683 ዋት የሚል እንግዳ ቁጥር አለ። 683 የተመረጠው አዲሱ ካንዴላ ከቀድሞው እንዳይርቅ ነው፤ የቀድሞውም ሲወሰን ከነባሩ ሻማ ብዙ እንዳይለይ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ የዛሬው ካንዴላ መጠን ከዚያ የዓሣ ነባሪ ሻማ ብዙም አይርቅም።