ጥቁሩ ቀለበት አፍሪካ አይደለም

ጠጋ በሉማ፤ እኛ አርማ የምንሠራ ሰዎች እርስ በርስ የምንነጋገረውን ሹክ ልበላችሁ። ከኦሎምፒክ ቀለበቶች ጥቁሩ አፍሪካ፣ ቢጫው እስያ፣ ቀዩ አሜሪካ ነው ሲባል ሰምተን ያደግን ብዙ ነን። ቀለበቶቹን የፈጠሩት ባሮን ፒየር ደ ኩበርቲን ግን ቀለሞቹን ለአህጉር አላከፋፈሉም። በ1913 እ.ኤ.አ. ደብዳቤ አናት ላይ በእጃቸው ስለው ቀለም ሲቀቧቸው፣ አምስቱ አንድ ላይ አምስቱን የዓለም ክፍሎች እንዲወክሉ ነበር ሐሳባቸው።

ታዲያ ቀለሞቹ ከየት መጡ? ከሰንደቅ ዓላማዎች። ኩበርቲን ነጩን መደብ ጨምረው ስድስት ቀለም ቆጠሩ፤ በነዚህ ስድስት ቀለሞች የዚያን ዘመን አገሮች ሁሉ ሰንደቅ ይሠራል አሉ። የስዊድን ሰማያዊና ቢጫ፣ የግሪክ ሰማያዊና ነጭ፣ የጃፓን ቀይና ነጭ ሁሉም እዚያ አለ። ኢትዮጵያ ኦሎምፒክ የገባችው በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ግን ከዚያ በፊት በሦስት ቀለበቶች ላይ ነበሩ። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። አንድ ሙሉ አህጉር በቆዳ ቀለሙ ተለይቶ አንድ ቀለበት ውስጥ መግባቱ ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር።

የአህጉሩ ትርጉም እንዲያው የመንገድ ወሬ አይደለም። ዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ራሱ በመመሪያ መጽሐፉ አትሞት ነበር። ኩበርቲን እንዲህ አስበው እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ስለሌለ በ1951 ተሰረዘ፤ ከሰው አፍ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። አርማው ከጥንት ግሪክ የመጣ ነው የሚሏችሁንም አትመኑ። ዴልፊ ላይ ቀለበቶቹ የተቀረጹበት ድንጋይ ለ1936ቱ የበርሊን ችቦ ሥነ ሥርዓት የተሠራ ነው።

በሙያችን ዓይን ግን የአርማው ነፍስ ያለው መያያዙ ላይ ነው። ኩበርቲን ይመሩት የነበረው የፈረንሳይ ስፖርት ማኅበራት ኅብረት ምልክት ሁለት የተቆላለፉ ቀለበቶች ነበር፤ አምስቱ ከነዚያ ሳይወለዱ አልቀሩም። በ1986 በወጣው ይፋዊ ቅጂ ቀለበቶቹ በሚሻገሩበት ቦታ ቀጭን ነጭ ክፍተት ገባ። ለኅትመት ይመች ይሆናል፤ ቀለበቶቹ ግን የተቆረጡ መሰሉ። በ2010 ክፍተቱ ቀርቶ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። እናንተም ለግድግዳም ሆነ ለቲሸርት ስትስሉት አምስት ክብ ደርድራችሁ አትተዉት። መሻገሪያዎቹ ስምንት ናቸው፤ በተያያዙት ሁለት ቀለበቶች አንዱ መሻገሪያ ጋ ይሄኛው ከላይ ካለፈ፣ ሌላው ጋ ያኛው ይለፍ።