ያውቁ ኖሯል? ከካፊያ ሥር የምትኖረው ጉርጥ

የኪሃንሲ ጉርጥ በታንዛኒያ የኡድዙንግዋ ተራሮች የምትገኝ፣ ርዝመቷ 3 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ብጫ ጉርጥ ናት። በ1996 እ.ኤ.አ. ስትገኝ መኖሪያዋ የኪሃንሲ ፏፏቴ በካፊያው የሚያርሰው 2 ሄክታር ያህል ሥፍራ ብቻ ነበር። ከአብዛኞቹ ጉርጦች በተለየ እንቁላል አትጥልም፤ ትወልዳለች። በሆዷ ስስ ቆዳ በኩል ጽንሶቹ ይታያሉ፤ አዲስ የተወለደው ልጅም በሰው ጣት ጥፍር ላይ ይቀመጣል።

በ2000 ለኃይል ማመንጫ የተሠራው ግድብ የወንዙን ውኃ 90 በመቶ ያህል ሲወስድ ካፊያው ቀረ። በቧንቧ ውኃ መርጨት ተሞከረ፤ ፏፏቴን መተካት ግን እንዲህ የዋዛ አይደለም። ቆዳ የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታም ተጨመረ። በ2009 በዱር እንደጠፋች ታወጀ። ዘሯን ያቆየው አስቀድሞ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ብሮንክስ መካነ እንስሳት የተወሰደው 500 ገደማ ጉርጥ ነው፤ ከ2012 ጀምሮ ተወላጆቹ ወደ ኪሃንሲ እየተመለሱ ተለቀዋል።