ጊዜ ለሚያጥራቸው ወላጆች፦ ፈጣንና የተመጣጠነ የሕፃናት እራት በቁንዝላና አካባቢዋ

ቁንዝላ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር ወረዳ የምትገኝ የጀልባ ወደብ ከተማ ናት። ዓሣው ከሐይቁ፣ በቆሎው፣ ጤፉና ዳጉሳው ከዙሪያው ማሳ ይገኛል። ይሁን እንጂ ምግብ በአካባቢው መኖሩ ብቻ ሕፃናት በሚገባ መመገባቸውን አያረጋግጥም። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 41 በመቶ የሚሆኑት ቀንጭረዋል፤ ማለትም ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ጋር አይመጣጠንም። ከምክንያቶቹ አንዱ በየቀኑ አንድ ዓይነት ምግብ መመገብ ነው።

እራት በተለይ ትኩረት ይሻል። ከገበያ ወይም ከሥራ መሽቶ የሚመለስ ወላጅ ቤት ሲደርስ ሕፃኑን እንቅልፍ ጥሎታል፤ ወይም ዳቦ በሻይ ተሰጥቶት ተኝቷል። ሻይ ሆድ ቢሞላም ከምግብ የሚገኘው ብረት ወደ ሰውነት በሚገባ እንዳይሠርግ ያደርጋል። ስለዚህ ከሕፃናት ማዕድ መራቅ ይኖርበታል።

ጊዜ ለሌለው ቤተሰብ ከሐይቁ የሚወጣው ዓሣ ከሥጋ ይልቅ አመቺ ነው፤ ፈጥኖ ይበስላልና። የቀረሶ ወይም የአምባዛ ሥጋ በሽንኩርትና በቲማቲም ተቁላልቶ ብዙ ሳይቆይ ለገበታ ይደርሳል። ሥጋው ውስጡ ድረስ ነጥቶ ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅ በስሏል ማለት ነው። ለሕፃን ከመሰጠቱ በፊት በጣት እየተዳበሰ እሾሁ መልቀም አለበት፤ በርበሬም አያስፈልገውም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ጠዋት የተገዛን ጥሬ ዓሣ እስከ ማታ ማቆየት አይገባም። ወደ ቤት ሲመለሱ ትኩሱን መግዛት ካልተቻለ የዚያን ቀን በእንቁላል መተካት ይሻላል።

ዓሣም እንቁላልም በሌለበት ቀን ሽሮ አለ። ሽሮ የድሃ ምግብ ተደርጎ መታየቱ ተገቢ አይደለም፤ ወፈር ተደርጎ ተሠርቶ፣ ሊወርድ ሲል በደቃቁ የተከተፈ ጎመን ከተጨመረበት ጥራጥሬንና ቅጠልን በአንድ ድስት ያገናኛል። ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ ወይም ካሮት ከጥቂት ዘይት ጋር ሲቀርብ ለሕፃኑ የቪታሚን ኤ ምንጭ ይሆነዋል። ሎሚ ጠብ ማድረግ በጥራጥሬና በቅጠል ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲጠቀምበት ይረዳል። አዮዲን ያለው ጨው የሚጨመረው ምግቡ ሊወርድ ሲል ነው። ምስሩን ለቅሞ፣ ሽንኩርቱን ልጦ ማለዳ ማዘጋጀት የማታውን ሥራ ያቀልላል፤ የበሰለ ምግብን ግን ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ ማሳደር ወይም ማዋል አይመከርም።

በጾም ወቅት ወላጆች ድስቱ የፍስክ እንዳይነካው በመስጋት ለሕፃኑም ወተትና እንቁላል ሲተዉ ይታያል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዕድሜያቸው ከ7 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት የመጾም ግዴታ የለባቸውም። ለሕፃኑ ብቻ የሚውል አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ መለየት ችግሩን በአነስተኛ ወጪ ያቃልላል።

አብሮ መብላት መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ትሪ ዙሪያ ትንሹ ልጅ ምን ያህል እንደ በላ ማወቅ ያስቸግራል። ስለሆነም ድርሻው በራሱ ሳህን ወጥቶ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ፣ እየተበረታታ ቢመገብ ይመረጣል። የሚተኛው ቀደም ብሎ ከሆነ ወላጅ እስኪመለስ ሳይጠበቅ ቤት ያለው ታላቅ ሰው ቢመግበው ይሻላል።

ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆኑ ሕፃናት በየ6 ወሩ የቪታሚን ኤ ጠብታ፣ ከ2 ዓመት ጀምሮ ያሉት ደግሞ የአንጀት ጥገኛ ትላትል መድኃኒት እንዲወስዱ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መቅረብ ያስፈልጋል። የክብደትና የክንድ ዙሪያ ልኬትም እዚያው ይደረጋል። ሕፃኑ በግልጽ ከከሳ፣ ምግብ እምቢ ካለ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ የቀጠሮ ቀን ሳይጠበቅ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባል።