በካርድና በስልክ ስለ መክፈል

ሰው ገንዘብን የሚወድደው ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ በሰጠ ጊዜ ተቀባዩ ሳይጠራጠር እንደሚቀበለው በማመኑ ነው እንጂ። ይህም ነገር በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ባሉት በቦረና፤ በወግዲ፤ በከላላና በለጋምቦ ደጋ ገበያዎች ዛሬ ጎልቶ ይታያል። አንዱ ገበሬ የበጉን ዋጋ በእጁ ቈጥሮ ካልተቀበለ ገመዱን አይለቅም፤ ሌላው ደግሞ ስልኩ ጮኾ የገባለትን ሒሳብ ካየ በኋላ በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለቱንም በሞኝነት ልንነቅፋቸው አይገባም፤ እያንዳንዱ የሚያምነውን ያውቃልና።

እንዲህ ያለው ጥርጣሬ በአገራችን አዲስ አይደለም። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሓ ተቈርጦ ወደ ደጋው በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምር ነበር፤ ዝናብ ያገኘው እንደ ሆነ ግን ሀብቱ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የገነነው 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረ። ሻጩ በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ላይ ያሉትን ፈርጦች እየቈጠረ፤ ድምፁንም እያደመጠ ይቀበለዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የገዛ መልካቸው ያለበትን ብር በፓሪስ አስመትተው ባወጡ ጊዜ እንኳ ሕዝቡ የለመደውን አልተወም። ኢጣልያም አገራችንን ለመውረር በተነሣ ጊዜ የሊሬ ወረቀት እንደማይበቃው ዐውቆ፤ የዚያን ብር መምቻ ቅርጽ በ1935 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮም ያስመታ ጀመር። መድፍና አውሮፕላን ያለው ሠራዊት ከገበሬው ያላገኘውን እምነት፤ ከሞተች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የሆናት ንግሥት አገኘችው ማለት ነው።

በሐምሌ ወር 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ወረቀት ገንዘብ በወጣ ጊዜ ግን መንግሥት ከዚህ ተምሮ ነበር። ከወረቀቱ ጋር ሃምሳ ሳንቲሙ ከእውነተኛ ብር ተሠርቶ ወጣ፤ ለዚሁም የሚሆነው የብር ማዕድን ከአሜሪካ በብድር የተገኘ ነበረ። ሰው ሳንቲሙን በእጁ መዝኖ ስላየ ወረቀቱንም ቀስ በቀስ አመነው። ይህን ታሪክ ያነሣንበት ምክንያት ዛሬም ከወረቀት ወደማይዳሰስ ገንዘብ ስንሻገር ያው ጥያቄ ስለ ተመለሰ ነው፤ ሕዝቡ በእጁ የሚመዝነው ነገር ምንድር ነው?

ቴሌ ብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። የባንክ ካርድም ቢሆን ቀደም ብሎ የነበረ ነው፤ ነገር ግን የባንኮቹን መኪናዎች የሚያገናኘው ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. ሥራ እስኪጀምር ድረስ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ መኪና እንደ ልብ አይሠራም ነበር። ጥቅሙን ለማወቅ ነጋዴውን መጠየቅ ይበቃል። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ዕቃ ሊገዛ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን በወገቡ ታጥቆ፤ በየማረፊያው እየዳበሰ መጓዝ አያስፈልገውም። የተቀደደ ብር አይመለስበትም፤ ዝርዝር የለም ተብሎም በመልስ ፈንታ ከረሜላ አይሰጠውም። በከተማዪቱ ባለው በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚማር ልጅም ከሩቅ ወላጆቹ የሚላክለትን በደቂቃ ውስጥ ያገኛል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት በተለወጠ ጊዜ ገንዘቡን በጋን ያኖረ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ለመቀየር ሲጨነቅ፤ በባንክ ያኖረው ግን እንቅልፉን ተኝቶ ነበር።

ይሁን እንጂ ምቾቱም ራሱ ዋጋ አለው። በ2001 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ድራዘን ፕሬሌክና ዳንከን ሲሜስተር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መምህራን ለቅርጫት ኳስ ጨዋታ መግቢያ ተማሪዎችን በጨረታ አወዳድረው ነበር። በካርድ ክፈሉ የተባሉት በጥሬ ገንዘብ ክፈሉ ከተባሉት እስከ እጥፍ የሚደርስ ዋጋ ሰጡ። ብር ከእጅ ሲወጣ ያሳዝናል፤ ቍጥር ሲቀነስ ግን ልብን እምብዛም አይነካም። ለድግስና ለተዝካር የሚበደር ሰው በበዛበት አገር ይህ ኀዘን ጠባቂ እንደ ነበረ አይዘነጋ።

ለካህናትም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በአማራ ሳይንት እንዳለችው እንደ ተድባበ ማርያም ያሉት ጥንታውያን ገዳማት ልጆቻቸው በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ተበትነዋል፤ የሒሳብ ቍጥር ቢነገራቸው ስእለታቸውንና ዐሥራታቸውን ያለ መልእክተኛ ይልካሉ፤ ለሰበካ ጉባኤውም የገባው ሁሉ በመዝገብ ይታያል። ነገር ግን አንዲት ብር በሙዳየ ምጽዋት የምትጥለውን መበለት ስልክ የለሽም ብሎ የሚያሳፍር አገልጋይ እንዳይነሣ መጠንቀቅ ይገባል።

ከሁሉም የሚከብደው የመስመር መቋረጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. በነዳጅ ማደያዎች በስልክ መክፈል ግዴታ ሆነ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል በጸጥታው ችግር ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በ*127# የሚሠራው መንገድ ኢንተርኔት ባያስፈልገውም የስልኩ መስመር ራሱ ሲጠፋ ግን እርሱም አይረዳም። በኪሱ ወረቀት ያለው ሰው በዚያ ቀን ጤፍ ይገዛል፤ በስልኩ ሺህ ብር ያለው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ በወረዳ ያሉ ሹማምንት ግብርና የአገልግሎት ክፍያ በስልክ እንዲሆን በሚያዝዙበት ጊዜ መስመር ለጠፋበት ቀን የጥሬ ገንዘብ ደረሰኝ ጥራዝ በጠረጴዛው መሳቢያ ቢያኖሩ፤ ባለጉዳዩ ከቆላ ሁለተኛ እንዲወጣ አያስገድዱትም። እንዲሁም ፊደል ያልቈጠረች ገበያተኛ ምስጢር ቍጥሯን ለማታውቀው ጎረምሳ ነግራ መልእክቱን እንዲያነብላት ስትለምን ዘወትር ይታያል። ይህን የሚያነብላት የታመነ ሰው ቀበሌው በገበያ ቀን ቢያቆምላት ወጪው የአንድ ሰው የቀን አበል ነው።